15 ሚሊዮን ችግኝ በነጻ

ነገሩ የሆነው ናይሮቢ ነው፤ በ1977 (እ.ኤ.አ.)። ኬንያዊቷ የዛፍ ተከላ ንቅናቄ መሥራች ዋንጋሪ ማታይ የአገሪቱን ደን ከሚመሩት ሹም ቢሮ ገብተው ችግኝ ጠየቁ። ስንት ቢባሉ፣ 15 ሚሊዮን። የአገሩ ሕዝብ ያኔ ወደዚያ ይገመት ስለነበር ሒሳቡ ለአንድ ሰው አንድ ዛፍ ነው። ሹሙ ሳቁ። ስቀው ሲያበቁ የፈለጋችሁትን ያህል ውሰዱ፣ ያውም በነጻ አሉ።

ችግኝ ጣቢያ የዋለ ሰው በሳቁ አይፈርድም። አንድ ሜትር በአሥር ሜትር የሆነ የችግኝ መደብ፣ ችግኙ እንደሚያድግበት ከረጢት ስፋት ከ1,000 እስከ 2,000 ችግኝ ይይዛል። 15 ሚሊዮን ማለት በግርድፉ 10,000 መደብ ነው፤ የሚሞላው አፈር፣ የሚነፋው ፍግ፣ ጠዋትና ማታ የሚጠጣው ውሃ ሳይቆጠር። ሹሙ ይህን በልባቸው አስልተው ይሆናል። ያላሰሉት ጠያቂዎቹ እነማን እንደሆኑ ነው።

የዋንጋሪ የቀደመ ሙከራም ቢሆን የሚያስፈራ አልነበረም። በ1971 በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዶክትሬት ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው፤ ሙያቸው ግን የእንስሳት አካል ጥናት እንጂ ደን አይደለም። ባለቤታቸው በ1974 ለፓርላማ ሲወዳደሩ ለመራጩ ሥራ እናመጣለን ብለው ነበርና ቃሉ እንዳይታጠፍ ዋንጋሪ ኤንቫይሮኬር የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። ሥራ አጡ ችግኝ ያፈላል፣ ባለ ግቢው ይገዛል፤ ዕቅዱ ይኸው ነው። ካሩራ ደን ውስጥ ጣቢያ ተከፈተ። ሠራተኛው ግን ከሰፈሩ እስከ ካሩራ የሚያደርሰው የአውቶቡስ ሳንቲም የለውም፤ ደመወዝ ደግሞ ችግኝ ሳይሸጥ አይመጣም። በ1975 ችግኙን ይዘው ናይሮቢ በተካሄደ ትርኢት ላይ ቀረቡ። ጎብኚው አደነቀ፣ እመጣለሁ አለ፣ ሄደ። ከዚያ ከተማው ውሃ አጠረውና ችግኙ ደረቀ። በሙያው ይህ የታወቀ አሟሟት ነው፤ ለዘር መግዣ ገንዘብ ይገኛል፣ ለውሃ አጠጪ አይገኝም።

በ1977 ሥራው በኬንያ ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤት ስር እንደገና ተነሣ። ከገጠር የመጡት ሴቶች አቤቱታ ማገዶ ራቀን፣ ንጹሕ ውሃ ጠፋን የሚል ነበር። ሰኔ 5 ቀን (እ.ኤ.አ.) ናይሮቢ ካሙኩንጂ ላይ ሰባት ዛፍ ተተከለ፤ ዋንዛና ዝግባ ነበሩበት። አብዛኞቹ አልተረፉም። ይሁን እንጂ ቢያንስ 1,000 ችግኝ በረድፍ ተተክሎ መሬቱን እንደ መቀነት ይታጠቀው የሚለው ሐሳብ ከዚያ ወዲህ የማኅበሩ ስም ሆነ፤ አረንጓዴ መቀነት።

አሁን ወደ ዋናው ገጠመኝ። የመንግሥት ጣቢያዎች ከመንደሮቹ ሩቅ ናቸው። ከረጢት ውስጥ ያለ ችግኝ በመኪና ረጅም መንገድ ሲንገጫገጭ አፈሩ ይፈረካከስና ሥሩ ከጓሉ ይላቀቃል፤ ላዩ ለምልሞ ይደርሳል፣ በሳምንቱ ይጠወልጋል። ስለዚህ ሴቶቹ በየመንደራቸው ያፍሉ ተባለና የደን ባለሙያዎች አሠልጣኝ ሆነው ተጠሩ። ባለሙያዎቹም መጡ። ስለ መሬቱ ተዳፋትነት፣ የፀሐይ ጨረር ስለሚገባበት አቅጣጫ፣ ስለ መደቡ ጥልቀት፣ ስለ አፈሩ የጠጠር መጠን፣ ስለሚያስፈልገው ልዩ መሣሪያ አስተማሩ። አብዛኞቹ ሴቶች ፊደል አልቆጠሩም። አዳምጠው፣ አዳምጠው ምንም ሳይዙ ወጡ።

ዋንጋሪ በዚህ ጊዜ ያሉት ቀላል ነው፤ በቆሎና ባቄላ ስትዘሩ የኖራችሁ ናችሁ፣ ይህም ዘር ነው፣ የምታውቁትን አድርጉ። ሴቶቹም አደረጉ። ከአካባቢው ዛፍ ሥር ዘር ለቀሙ። ገል ውስጥ አፈር ሞልተው ዘሩና ዶሮና ፍየል እንዳይደርስበት ከፍ ካለ ቦታ ሰቀሉት። የተሰነጠቀ ሸክላ ውሃ አያቁርም፤ ቡቃያ አንገቱ ላይ በስብሶ የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ ከርጥበት ብዛት ነውና ሳያስቡት አንድ በሽታ ዘለሉ። ባለሙያዎቹ ግን ዛፍ ለመትከል ዲፕሎማ ያስፈልጋል ብለው ተሟገቱ። ለሴቶቹ የወጣላቸው ስም ከዚያ ሙግት የተወለደ ነው፦ ዲፕሎማ የሌላቸው የደን ባለሙያዎች።

ይህን ታሪክ ስንሰማ ሁላችንም ከሴቶቹ ጎን ቆመን እናጨበጭባለን። ግን ባለሙያዎቹ የተናገሩት ስሕተት ነበር? አልነበረም። መደብ ተዳፋቱን አቋርጦ ካልተሠራ የመጀመሪያው ዶፍ ዘሩን ጠርጎ ይወስደዋል። መደቡ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ካልተዘረጋ ከላዩ የተሠራው ዳስ ጥላውን ሌላ ቦታ ይጥላል። ዘር ከውፍረቱ ሁለት እጥፍ በላይ ከተቀበረ ጉልበቱን አፈር ውስጥ ይጨርሳል። የግራር ዘር ካልተፋቀ ወይም የፈላ ውሃ ካልፈሰሰበት ይተኛል፤ የዝግባም ቅርፊቱ ካልተሰበረ ወራት ያስጠብቃል። ይህን ማንም ከባቄላ አይማረውም። የባለሙያዎቹ ጥፋት ሌላ ነው። ገሉን ከፍ አድርጉት ብሎ መጨረስ ሲቻል ተዳፋት በመቶኛ አስተማሩ።

ሥራውን የያዘው ግን ገሉም ዲፕሎማውም አይመስለኝም፤ አከፋፈሉ ነው። ለአንድ ችግኝ አራት የአሜሪካ ሳንቲም፣ ያውም ለተተከለው ሳይሆን ለጸደቀው። ቅደም ተከተሉም ጥብቅ ነበር። ቡድኑ ይመዘገባል፣ ስላፈላው ችግኝ በየጊዜው ሪፖርት ያደርጋል። ሲደርስ ለመንደሩ ይነገራል፣ የሚፈልግ ጉድጓድ ይቆፍራል። ጉድጓዱ ታይቶ ልክ ነው ሳይባል ችግኝ አይሰጥም። ከተከላ በኋላ ተመላልሶ ይቆጠራል፤ የደረቀው ከሒሳብ ይወጣል። ሳንቲሙ የመጣው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ የኖርዌይ ደን ማኅበር ደገፈ፣ ከተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ፈንድም 122,700 ዶላር ተገኘ።

በአማርኛ ችግኝ ጸደቀ ስንል የምንጠቀመው ቃል ነፍስም የምትጸድቅበት ቃል ነው፤ ሁለቱም በአንድ ጀምበር አይሆኑም። እኛ አገር በዘመቻ ቀን የሚነበበው ቁጥር የተተከለው ነው። ፎቶ ከተነሡ በኋላ ጉድጓዱን ቆፍሮ ያየ ሰው ከረጢቱ ሳይቀደድ የተቀበረ ችግኝ ያገኛል፤ ሥሩ ውስጥ ለውስጥ ሲጠማዘዝ ከርሞ በቀጣዩ በጋ ይሞታል። ከፍ ያለ ሹም የተከለው እንደሆነ ማታ ላይ ማንም ሳያይ የሚያስተካክለው የጣቢያው ጥበቃ ነው። ለጸደቀው ብቻ ይከፈል ቢባል ከረጢት የሚረሳ ሰው አይኖርም ነበር።

የናይሮቢው መዝገብ ጠንካራ ስለነበር መከራም ችሏል። በ1989 መንግሥት ኡሁሩ ፓርክ ላይ ባለ 60 ፎቅ ሕንጻ ሊያቆም ሲል ዋንጋሪ በደብዳቤ ተቃወሙ። ፕሬዚዳንቱ ሴት ወንድን አክብራ ዝም ማለት አለባት እስከ ማለት ደረሱ፤ ማኅበሩም ከመንግሥት ቢሮው በአስቸኳይ እንዲወጣ ታዘዘ። ሠራተኛውም ፋይሉም ወደ ዋንጋሪ መኖሪያ ቤት ገባ። ችግኝ መቆጠሩ አልቆመም፤ ሕንጻው ግን አልተሠራም። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሰጣቸው የተተከለው ከ30 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር፤ ሹሙ ከሳቁበት ቁጥር እጥፍ።

የሹሙ ነገርስ? እሳቸውን ለማየት 2004ን መጠበቅ አላስፈለገም። በነጻ ካሉ ዓመት ሳይሞላ ቃላቸውን ማጠፍ ግድ ሆነባቸው። ሴቶቹ የሚወስዱት ከጣቢያዎቹ አቅም በላይ ሆነና ከእንግዲህ ይከፈልበት አሉ። ይከፈልበት የተባለውም ያው ከሩቅ በመኪና እየተንገጫገጨ፣ ሥሩ ከጓሉ ተላቅቆ የሚደርሰው ችግኝ ነበር።