ካርዱ የየት አገር ነው ብላችሁ ጠይቁ

ይህን የምጽፈው ለአንድ ዓይነት ሰው ነው። ለበዓል ቤት ለሚሰበሰቡ ልጆች ፕሌይስቴሽን ላይ ጌም ልግዛ ብሎ የሚያስብ፣ ውጭ አገር ደግሞ የጌም መግዣ ካርድ ገዝቶ የሚልክለት ዘመድ ያለው ሰው። ባለፈው ገና ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ስቃጠል ሰነበትኩ። አንድ ሰው አንዲት ጥያቄ አስቀድመህ ጠይቅ ቢለኝ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ ገና የወንድሞቼና የእህቶቼ ልጆች ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር፣ እማዬ ቤት ይሰበሰባሉ። ገና ቡናው ሳይቆላ ወንዶቹ ይጠፋሉ። የት ሄዱ? ጌም ቤት። እዚያ ወረፋ አለ፣ የተሸነፈ ይከፍላል፣ አግዳሚው ላይ አስር ልጅ ተጠጋግቶ ይጮሃል። ዶሮው ሲቀርብ ቦታቸው ባዶ ነው። አንድ ዓመት እማዬ መረቁን እየጨለፈች "እነዚህ ልጆች በዓሉን የሚያከብሩት ማን ቤት ነው?" አለች። ያኔ ወሰንኩ። ጌሙ ራሱ ወደ ቤት ይምጣ።

ያገለገለ ፒኤስ ፎር (ፕሌይስቴሽን 4) ገዛሁ። ዋጋውን አልናገርም፣ ባለቤቴ ታነባለች። ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ስታቢላይዘር፣ ከጎረቤት የተዋስኩት የፊፋ የኳስ ጌም ዲስክ። ቲቪው ላይ ሰካሁት፣ ሰራ። እስከዚህ ድረስ አንድ ከሰዓት ብቻ ነው የፈጀብኝ።

አካውንት ስከፍት አገር ምረጥ አለኝ። ደንቡ የምትኖርበትን አገር ምረጥ ነው የሚለው። ዝርዝሩን ወደ ታች ብወርድ ወደ ላይ ብወጣ ኢትዮጵያ የለችም። የ15 ዓመቱ የወንድሜ ልጅ ትከሻዬ ላይ ተደግፎ "ጋሼ፣ አሜሪካ በለው፣ ሁሉም ሰው አሜሪካ ነው የሚለው" አለኝ። አሜሪካ አልኩት። አስር ሴኮንድ አልፈጀም። በኋላ ሦስት ቀን የበላኝ ያ አስር ሴኮንድ ነው።

የፈለግኩት ጌም ኢት ቴክስ ቱ ነበር። በፈረንጆቹ 2021 የወጣ ነው፣ በዚያው ዓመት ጌም አዋርድስ ላይ የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሏል። የሰራው ሄዝላይት የሚባል የስዊድን ስቱዲዮ ነው። ሊፋቱ የተስማሙ ባልና ሚስት በልጃቸው እንባ ምክንያት ትንንሽ አሻንጉሊት ይሆናሉ፣ ወደ ሰውነታቸው ለመመለስ ደግሞ መተባበር አለባቸው። ብቻዬን ልጫወት ብትል አይሆንም። የግድ ሁለት ሰው ነው። ጌም ቤት ያለው ነገር ሁሉ አንዱ ሌላውን የሚያሸንፍበት ስለሆነ እኔ የምፈልገው እንዲህ ያለውን ነበር።

ጓደኞቼ "ምን አስጨነቀህ፣ ወስደህ አስጭነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ከተማው ውስጥ ጌም የሚጭን ሰው አይጠፋም። እኔን ግን ኩራት ያዘኝ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ እንኳን በገንዘቤ ልግዛ አልኩ። ኩራት ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል።

በብር ካርዴ መክፈል ስለማልችል ዱባይ ለምትሰራው እህቴ ደወልኩ። "የፕሌይስቴሽን የ50 ዶላር ካርድ ገዝተሽ ላኪልኝ" አልኳት። ያልኳት ይህን ብቻ ነው። ቅዳሜ ታኅሣሥ 26 ከስራ ወጥታ ገዛች፣ በሳንቲም ፋቀችው፣ ኮዱን ብቻ አቅርባ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። 12 ፊደልና ቁጥር። ልጆቹን ሰብስቤ ኮዱን እየጮህኩ አስገባሁ።

"ኮዱ ትክክል ላይሆን ይችላል ወይም ከዚህ በኋላ አይሰራ ይሆናል" የሚል መልስ መጣ።

ተሳስቼ ይሆናል ብዬ እንደገና። ከዚያ እንደገና። ይቺ ስምንት ናት ወይስ ቢ? ይቺ አምስት ናት ወይስ ኤስ? ፎቶውን አሰፍተን፣ የአንዷን ልጅ መነጽር አስመጥተን፣ በወረቀት ላይ አራት ዓይነት አድርገን ጽፈን ሞከርን። ደጋግመን ስንሳሳት ትንሽ ቆይተህ ሞክር አለን። ልጆቹ አንድ በአንድ ተነስተው ወጡ። ወዴት እንደሄዱ አልጠየቅኩም።

እሁድን ያጠፋሁት በጥርጣሬ ነው። ለእህቴ ደውዬ "ያ ባለሱቅ ሌባ ነው፣ የተሰራበት ካርድ ነው የሸጠልሽ፣ ሄደሽ ገንዘብሽን ተቀበዪ" አልኳት። እሷ ደግሞ የምትኖርበት ቦታ ከሱቁ ሩቅ ነው። ያለቻትን አንዲት የዕረፍት ቀን በአውቶቡስ ሄዳ፣ ከማያውቃት ሰው ጋር ስትጨቃጨቅ ዋለች። ሰውዬው ደረሰኙን አየ፣ ካርዱን አየ፣ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት። "አካውንቱ የየት አገር ነው?"

አዎ። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ያልጠየቅኩትን እሱ በአንድ ትንፋሽ ጠየቀ።

እህቴ የካርዱን ጀርባ ሙሉውን አንስታ ላከችልኝ። ታች ጥግ ላይ፣ ከጉንዳን በምታንስ ጽሑፍ፣ ለኤምሬትስ አካውንት ብቻ ይላል። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ያ ጥግ የለም። "አያ፣ ዶላር አላልክም እንዴ? እኔ ዶላር ነው የገዛሁት" አለችኝ፣ ድምጿ ሊያለቅስ ደርሶ። ልክ ናት። የኤምሬትስ ሰዎች የሚገበያዩት በድርሃም ቢሆንም እዚያ ጌሙ የሚሸጥበት የኢንተርኔት ሱቅ፣ የፕሌይስቴሽን ስቶር፣ ዋጋ የሚጽፈው በዶላር ነው፣ ካርዱም በዶላር ነው። ዶላር የሚል ካርድ ይዘህ ዶላር ወደሚል አካውንት ስታስገባ ምን ብለህ ትጠረጥራለህ? ገንዘቡ አንድ ዓይነት፣ አገሩ ግን ሌላ። የተፋቀ ካርድ ደግሞ ባለሱቁ አይመልስም። ሌባ ያልኩትን ሰው ስሙንም አላውቀው፣ ይቅርታ የምልበት መንገድ የለኝም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል። እኔ እሁድ ማታ ጆይስቲኩን ሶፋው ላይ ወርውሬ ግቢው ውስጥ ስዞር አመሸሁ።

ከዚያ ሌላ ስህተት። አካውንቱን ከአሜሪካ ወደ ኤምሬትስ ልቀይረው ብዬ እስከ እኩለ ሌሊት ማስተካከያውን አገላበጥኩ። አይቀየርም። መጀመሪያ የመረጥከው አገር እስከ መጨረሻው አገርህ ነው። መፍትሄው ቀላል ነበር፣ የቀለለ ከመሆኑ የተነሳ ያናድዳል። በሌላ ኢሜይል አዲስ አካውንት ክፈት፣ አገሩን ኤምሬትስ በል፣ ኮዱን እዚያ አስገባ። ሰኞ ጠዋት አስገባሁት፣ ስክሪኑ ላይ 50 ዶላር ወጣ። ጌሙን ገዛሁ። ያንን አካውንት የማሽኑ ዋና አካውንት ካደረግከው ደግሞ ልጆቹ በየራሳቸው ስም ገብተው ያንኑ ጌም መጫወት ይችላሉ። ስለዚህ የእኔ ምክር ከደንቡም ከወንድሜ ልጅም ይለያል። አገራችሁን አትፈልጉ፣ የለችም። አሜሪካም ብላችሁ አትዝለሉ። ካርድ የሚገዛላችሁ ሰው ያለበትን አገር ምረጡ። ዘመዳችሁ ሪያድ ከሆነ ሳዑዲ፣ ቶሮንቶ ከሆነ ካናዳ።

አልቋል ብላችሁ ነው? ማውረድ አለ እኮ። ከ40 ጊጋ በላይ፣ በስልክ ሆትስፖት፣ በበዓል ዋዜማ። የገዛሁት የዳታ ጥቅል የ24 ሰዓት መሆኑን ያወቅኩት ሲቋረጥ ነው። ደንበኞች አገልግሎት ደውዬ ከሃያ ደቂቃ ሙዚቃ በኋላ አንዲት ልጅ በጣም በሚያምር ድምፅ "ጥቅሉ የ24 ሰዓት ነው ውድ ደንበኛችን" አለችኝ። ይህንንማ አውቄያለሁ እህቴ፣ አሁን አወቅኩት። መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለት ጊዜ መጣ። በነገራችን ላይ ማሽኑን በተኛ ሁኔታ (ሬስት ሞድ በሚሉት) አትተዉት፣ መብራት ሲሄድ ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው ነገር ሊበላሽ ይችላል። እያወረደ ካልሆነ ሙሉ በሙሉ አጥፉት።

የገና ዕለት ዶሮው ሲቀርብ 61 በመቶ ላይ ነበር። ልጆቹ በተዋስኩት ፊፋ በሁለት ጆይስቲክ ለሰባት ተፋጁ። ግማሾቹ ጌም ቤት ሄዱ። እማዬ ምንም አላለችም፣ አየችኝ ብቻ። ጌሙ ወርዶ ያለቀው ጥር 1 ነው።

ግን ሲጀመር! ከትምህርት ቤት መልስ እስከ ጥምቀት ድረስ በየቀኑ ቤቱ ሞላ። አንዱ ሚስማር ይወረውራል፣ ሌላው በመዶሻ ሚስማሩ ላይ ይንጠለጠላል። አንዱ ከቸኮለ ሌላው ይወድቃል። ቀን ሙሉ የማይነጋገሩ ሁለት ወንድማማቾች "ቆይ፣ አሁን! አሁን በል!" ሲባባሉ ሰማሁ። ንግግሩ እንግሊዝኛ ስለሆነ ለትንንሾቹ እኔ እየተረጎምኩ፣ የሚስትየዋን ቁጣ በጎጃም አማርኛ ስለውጠው እማዬ ሳይቀር ከጓዳ ትስቅ ነበር። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። የዝሆን አሻንጉሊት ያለችበት ክፍል አለ፣ እዚያ ጋ ትንንሾቹን ወደ ውጭ ላኳቸው። የእህቴ ልጅ አልቅሳ ወጣች። እኔም አልተመቸኝም።

እንግዲህ ለዘንድሮ በዓል የምለው ይህ ነው።

አሮጌ ላፕቶፕ ካላችሁና ብቻችሁን የምትጫወቱ ከሆነ ስታርዴው ቫሊ። ኤሪክ ባሮን የሚባል አንድ ሰው ብቻውን ከአራት ዓመት በላይ ለፍቶ በ2016 ያወጣው ነው። እርሻ ታርሳለህ፣ ዓሣ ታጠምዳለህ፣ ከመንደሩ ሰው ጋር ትተዋወቃለህ። 2 ጊጋ ራም ይበቃዋል፣ የሚይዘው ቦታ ደግሞ ወደ ግማሽ ጊጋ ነው። ከ40 ጊጋ ጋር አስተያዩት። ገና ዕለት ማሽኑ ሲያወርድ እኔ ጥግ ይዤ ይህንን ስጫወት ነበር። የምቃወመው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጌሙ ውስጥ ቲላፒያ የሚጠመደው ከውቅያኖስ ነው። ቆረሶ ከጨው ባህር! ጣና ዳር ላደገ ሰው ይህ ስድብ ነው።

ልጅ ለበዛበት ቤት ኦቨርኩክድ ሁለት። እስከ አራት ሰው በአንድ ወጥ ቤት ይገባል፣ ይከትፋል፣ ያበስላል፣ ሳህን ያጥባል፣ ሰዓቱ ደግሞ ይሮጣል። ከ50ው ዶላር የተረፈችኝን ወደ 10 ዶላር ይዤ ቅናሽ ጠብቄ ገዛሁት፣ ለፋሲካ ደረሰ። ድስት እሳት ላይ ከተረሳ ይነዳል። እማዬ ምን እንደሆነ ሳይገባት ቆማ ስታይ ቆይታ በድንገት "ኧረ ድስቱ አረረ! አውጡት እንጂ እናንተ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ የወጥ ቤቱ አዛዥ እሷ ሆነች። ጆይስቲክ አትነካም፣ ታዝዛለች ብቻ።

አዲስ የኳስ ጌም በየዓመቱ አትግዙ። ከፊፋ 23 በኋላ ስሙ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ሆኗል እንጂ ለሳሎን ጨዋታ የቆየው ዲስክ ከበቂ በላይ ነው። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን ሁለት የሚያምር ጌም ነው፣ ግን ከ100 ጊጋ በላይ ነው፣ ታሪኩም የሚፈልገው ዝምታ ነው፤ የበዓል ቤት ደግሞ ዝምታ የለውም። ለክረምት አቆዩት።

ያለ ኢንተርኔት ፍንክች የማይሉትን፣ እንደ ፎርትናይት ያሉትን፣ ለበዓል ብላችሁ አትመኑ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ሲቆይ ስልኬ ላይ የነበሩት ጌሞች አብዛኞቹ ሥዕል ሆነው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጌም ከመግዛቴ በፊት የማደርገው የስልኩን ዳታ አጥፍቶ ይሰራል ወይ ብሎ የሞከረ ሰው መፈለግ ነው። ዲስክ ካገኛችሁ ደግሞ ዲስክ ግዙ። ዲስክ ቢያንስ ትሸጡታላችሁ፣ ታዋሱታላችሁ። የኔ ኢት ቴክስ ቱ ግን እዚያው የሌለሁበት አገር አካውንት ውስጥ ነው ያለው።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ጻፈችልኝ። "አያ፣ ለገና ካርድ ልግዛ? ስንት?"

20 በቂ ነው አልኳት። "ከመፋቅሽ በፊት ግን ጀርባውን ሙሉውን ፎቶ አንሺ፣ ጥጉ ሳይቀር። ያ ሰውዬ ሱቁ ውስጥ ካለ ደግሞ ሰላም በይልኝ።"