በጓደኞች መካከል መገለልና የልጆች ቅናት

ልጅ «ዛሬ አላጫወቱኝም» ብሎ ሲያዝን አብዛኞቻችን «ተዋቸው፣ ሌላ ጓደኛ ፈልግ» ብለን ነገሩን ለመዝጋት እንቸኩላለን። እኔ ግን ይህ ሐዘን ሊናቅ አይገባውም ብዬ አምናለሁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ናኦሚ አይዘንበርገርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ በኮምፒውተር የኳስ ቅብብል ጨዋታ መሃል ኳስ የተከለከሉ ሰዎች አንጎል ሲመረመር፣ ከአካላዊ ሕመም ስሜት ጋር የሚያያዝ ክፍል እንቅስቃሴው ጨምሮ ታይቷል። የጥናቱ ተሳታፊዎች አዋቂዎች ነበሩ፤ በየዕለቱ ከሚያያት ጓደኛው የተገለለ ልጅማ ምን ያህል ይከፋው ይሆን!

ቅናቱ በተለይ የሚበረታው በሁለት ጓደኛሞች መካከል ሦስተኛ ልጅ ሲገባ ነው። የሚቀናው ልጅ ክፉ ሆኖ ሳይሆን የሚወደውን ሰው እንዳያጣ ስለሚፈራ ነው፤ ስለዚህ «መቅናት ነውር ነው» የሚለው ተግሣጽ ስሜቱን እንዲደብቅ ያስተምረው እንደሆነ እንጂ አያቀልለትም። «ከእሷ ጋር ስትጫወት ሳይህ እንደተረሳሁ ተሰማኝ» ብሎ እንዲናገር ማገዝ፣ መናደዱን ተቀብሎ መማታቱንና ሐሜቱን ግን በግልጽ መከልከል ይሻላል። ከዚያ በፊት ግን ማዳመጥ ይቀድማል፤ ወላጅ መፍትሔ ለመስጠት ሲጣደፍ ልጁ ታሪኩን ሳይጨርስ ዝም ይላልና።

ከአንድ ቡድን ውጭም፣ በዘመድ ወይም በጎረቤት ልጆች መካከል ሌላ ወዳጅነት ያለው ልጅ የአንድን ቀን መገለል በቀላሉ ይችለዋል። መገለሉ ሆን ተብሎ የሚደጋገም ከሆነ ግን የልጆች ጠብ ብቻ ስላልሆነ ከመምህሩ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።