ጆንያ የሰፋሁበት ሌሊት

አራት ዓመት አለፈው። ደሴ፣ ሌሊት፣ ተረኛ ነኝ። ከወገልጤና ማዶ በአምቡላንስ የመጣች የመጀመሪያ ወላድ፣ የልጇ የልብ ምት ወርዶ ስለነበር በጥድፊያ ኦፕራሲዮን ገባን። ልጁ አለቀሰ። ማህፀኑ ተሰፋ፣ ደሙ ቆመ። ቆዳው ሲቀር ሌላ ወላድ ደጅ ላይ እየጠበቀች ነበርና በጥቁሩ የሐር ክር፣ በሲልክ፣ አንድ በአንድ፣ ጥብቅ ጥብቅ እያደረግኩ ቋጠርኩት። «ይሄ አይከፈትም» ብዬ ኮራሁ እንኳ። ካርዷ ላይ «በ7ኛው ቀን ክር ይውጣ» ብዬ ጻፍኩ።

የመጣችው በ19ኛው ቀን ነው።

ስገልጠው ክሮቹ ቆዳው ውስጥ ሰምጠዋል። እያንዳንዱን ፈልጌ ሳወጣ እኔ ላብ አጠመቀኝ፣ እሷ ጥርሷን ነክሳ ዝም። ቁስሉስ ድኗል፤ ግን መስመሩን የሚያቋርጡ ሰረዞች ከዳር እስከ ዳር፣ ቁርጥ መሰላል። እናቷ ጎንበስ ብለው አዩና «አብሽር ልጄ፣ ነፍስ አትርፈህልናል» አሉኝ። ቀጠሉና «ግን ጆንያ ነው እንዴ የሰፋኸው?» ነርሷ ፊቷን አዞረች። እየሳቀች ነው።

«ለምን ዘገያችሁ?» አልኩ፣ ቆጣ ብዬ።

«አራስ በሳምንቷ በበቅሎ ትጫን?»

እዚያው ጤና ጣቢያ ክሩ ሊወጣላት እንደሚችል የነገራቸው ሰው የለም። ሰው ማለት እኔ ነኝ።

ቁስል ከተሰፋ በኋላ ያብጣል፣ የጠበቀ ክር ያኔ ቆዳውን ይበላዋል። ከሳምንት በላይ ሲቆይ ደግሞ ቆዳው ክሩን ተከትሎ ወደ ውስጥ ያድግና ምልክቱ ይቀራል። ሆዱን አጥብቆ የሚይዘው ከስር ያለው ጠንካራ ሽፋን ነው፤ ላይኛውን ማነቅ ምንም አይጨምርም። አሁን ስቡ ከ2 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ለብቻው እሰፋዋለሁ፣ ቆዳውን በሚሟሟ ክር ከውስጥ ለውስጥ። ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ ቆዳ የሚገጥመው የብረት ማያያዣ፣ ስቴፕለር፣ ይፈጥናል፣ ግን እሱም የሚያወጣው ይፈልጋል። የሚሟሟው ክር፣ ቫይክሪል፣ ከጠፋ ሲልኩን አላላና፣ ከመጻፌ በፊት «ቤትሽ የት ነው?» እላለሁ።

ዘንድሮ ሁለተኛዋን ልትወልድ መጣች። እንደገና ኦፕራሲዮን ሆነ። አሮጌውን መሰላል ቆርጬ አወጣሁና ከውስጥ ሰፋሁት። እናቷ በማግስቱ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ክሩስ?»

«ውስጥ ነው እማማ፣ ራሱ ይሟሟል።»

ቁስሉን አዩ፣ እኔን አዩ። «ረስተኸው እንዳይሆን ብቻ።»