ጢስ ዓባይ በሚያዝያ

ዛሬ ጢስ ዓባይን በፎቶ ብቻ የሚያውቁ እንግዶች ገደሉ ፊት ቆመው «ይሄ ነው እንዴ?» ሲሉ ዋሉ። ማዘናቸው ተገቢ ነው። ያ ፎቶ የነሐሴ ወይም የመስከረም ነው፤ ያኔ ፏፏቴው እስከ 400 ሜትር ይሰፋል። በበጋ የሚቀረው ቀጭን ጅረት ነው፤ የዝናብ ነገር ብቻ ግን አይደለም። የኃይል ማመንጫዎቹ ውሃውን ከፏፏቴው በላይ ይጠልፉታል፤ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከጣና ሐይቅ በዋሻ ይወስደዋል።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ባሕር ዳር ላለ አስጎብኚ ደውሉና የዚያኑ ዕለት ፎቶ አስልኩ። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በክረምት ጭቃው ያንሸራትታል፣ የማያዳልጥ ጫማ አድርጉ። በድንጋዩ ድልድይ በኩል ሂዱ፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው፣ በበጋም ቢሆን አያሳዝንም።