ሞተሯ ይውረድ የተባለችው ዲኤክስ

«ፋሻ ጨርሳለች፤ ሞተሯ ይውረድ» ብሎ ፈረደ የጋራዡ ልጅ፣ ዳገት ላይ ጉልበት አጣች ተብላ በመጣችው ዲኤክስ፣ በድሮዋ ቶዮታ ኮሮላ ላይ። ፋሻ የሚለው የፒስተን ቀለበቱን ነው። ማስረጃው ቫክዩም ጌጁ፣ የሞተሩን መምጠጥ በኢንች ሜርኩሪ የሚለካው ነው፦ ዲኤክሷ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ 8 ኢንች ታነባለች፣ የጥገና መጽሐፉ ከ17 እስከ 21 ይላል። ባለመኪናው ቀብድ ሊከፍል እጁን ኪሱ ከትቷል።

ዋናው መካኒክ ሌላ መኪና ሥር እንደተኙ፣ «የት ሆነህ ነው ያነበብከው?» አሉት።

«ከማኒፎልዱ፣ ከአየር ማስገቢያው ላይ ነው፣ ጋሼ።»

«እሱን አላልኩህም። የት አገር?»

ልጁ ጌጁንም መጽሐፉንም አየ። መልስ የለም።

መጽሐፉ የሚያወራው ባሕር ጠለል ላይ ስላለ ሞተር ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ ንባቡ አንድ ኢንች ያህል ይወርዳል፤ አዲስ አበባ ላይ 7 ገደማ ቀንስ። እዚህ ጤነኛ ሞተር ከ10 እስከ 14 ቢያነብ ደንብ ነው። በዚያ ላይ መርፌው ዝቅ ብሎ ረግቷል። የተቃጠለ ቫልቮላ ቢኖር ተራው በደረሰ ቁጥር መርፌውን ይመታው ነበር። ዝቅ ብሎ ከረጋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወይ አየር የሚገባበት ቀዳዳ፣ ወይ ወደ ኋላ የቀረ ታይሚንግ፣ ማለትም ሻማው የሚተኩስበት ጊዜ፣ ነው።

ሁለቱም ነበሩ። የፍሬን ሰርቮው፣ የፍሬኑ አጋዥ፣ ቱቦ ማኒፎልዱ አጠገብ በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ሲቆነጠጥ ሚኒሞው ዘሎ ጨመረ፤ ሰርቮው ጋ ያለው ጫፍ ፋሸታው (ማሰሪያው) ሥር ደርቆ ተሰንጥቋል። ከዚህ በፊት የነካካት ሰው ሚኒሞው ሲወርድበት ስንጥቁን መፈለግ ትቶ የሚኒሞውን ስክሩ አጥብቆታል። የካርቡራተሩ ቢራቢሮ፣ የአየር መዝጊያው፣ በዚያ ልክ ሲከፈት፣ በሚኒሞ ተሸፍና መቆየት ያለባት የአድቫንስ (ታይሚንግ ማስቀደሚያ) ቀዳዳ ተገለጠች፤ መኪናዋ ቆማ ሳለ ዲስትሪቡተሩ፣ እሳት ለሻማዎቹ የሚያድለው፣ በዚያ ቫክዩም ታይሚንጉን ያስቀድም ጀመር። ሰውዬው የአድቫንሱን ቱቦ ሳይነቅል ታይሚንግ ሞላ፣ የበዛ መስሎትም ወደ ኋላ መለሰው። እንጦጦ ዳገት ላይ ነዳጅ ተረግጦ ቫክዩሙ ሲጠፋ የቀረው ያ የዘገየ ታይሚንግ ብቻ ነው። ጉልበት ከየት ይምጣ?

መጀመሪያ ቱቦው ተቀየረ፤ ወፍራሙ የሰርቮ ቱቦ ነው፣ ተራ የውኃ ቱቦ ሲሞቅ ተመጥጦ ይጣበቃል። ቀጥሎ ሚኒሞው ወረደ፣ ከዚያ የአድቫንሱ ቱቦ ተነቅሎ ጫፉ ተደፈነና ታይሚንጉ ተሞላ፣ የአየርና የነዳጁ ድብልቅ መጨረሻ ላይ ተስተካከለ። ጌጁ 12።

ልጁ «መጽሐፉ ነው ያለው» እያለ ገና ይከራከራል። ባለመኪናውም ሒሳቡን ሲሰማ እጁን ከኪሱ አወጣ፤ ባዶውን።

«ለአንድ ቱቦ ነው ይሄ ሁሉ?»