ውጭ አገር ለማስተማር ስታመለክቱ፦ ከሰነዱ ጀምሩ

ብዙ አመልካች የሚጨነቀው ለቃለ መጠይቁ ነው። ጊዜ የሚበላው ግን የሰነድ ማረጋገጫው ነው። ዲግሪውን የሰጠው አገርና የምትሄዱበት አገር ሁለቱም በ1961 (እ.ኤ.አ.) የሄግ የአፖስቲል ስምምነት (አባል አገሮች አንዱ የሌላውን ሰነድ በአንድ የማረጋገጫ ማህተም እንዲቀበሉ የሚያደርግ ስምምነት) ውስጥ ከሆኑ አንድ የአፖስቲል ማህተም ይበቃል፤ አንዱ እንኳ ከሌለበት የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትና የኤምባሲ ማረጋገጫ ይጨመራል። ስምምነቱ በቻይና ሥራ ላይ የዋለው በኖቬምበር 2023 (እ.ኤ.አ.) ስለሆነ ከዚያ በፊት የተጻፈ መመሪያ ያሳስታል።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። ዲግሪው ጊዜ አያልፍበትም፣ ስለዚህ ቀድማችሁ አስረጋግጡት። ከወንጀል ነፃ መሆናችሁን የሚገልጸውን ማስረጃ ግን ብዙ ቀጣሪዎች ከ6 ወር ያልበለጠ እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ ቶሎ ያወጣ ሰው ቪዛ ሲጠይቅ ሁለተኛ ጊዜ ይሰለፋል።

ስማችሁን በፓስፖርቱና በዲግሪው ላይ ፊደል በፊደል አነጻጽሩ። አንዲት ፊደል ብትለይ ፋይሉ ሊመለስ ይችላል። እርማቱን ማህተም ከመመታቱ በፊት ዲግሪውን ከሰጠው ተቋም ጠይቁ።

እንግሊዝኛ ለማስተማር ከሆነ የተለመደው መነሻ የ120 ሰዓት የእንግሊዝኛ ማስተማር ሥልጠና ሰርተፊኬት ነው፤ እኔ ግን በእውነተኛ ተማሪዎች ፊት ልምምድ ያለበትን እመርጣለሁ።

ውሉ ላይ የክፍል ሰዓትና የቢሮ ሰዓት ለየብቻ መጻፋቸውን እዩ። «በቱሪስት ቪዛ ና፣ እዚህ እንቀይረዋለን» የሚል ቀጣሪ ካጋጠማችሁ እለፉት።