እንኳን ለሻደይ፣ ለአሸንድዬና ለሶለል አደረሳችሁ!

ወዳጆቼ፣ እንኳን አደረሳችሁ! ፍልሰታ ተፈታ፣ ዛሬ ነሐሴ 16 ነው። ዋግ ላይ ሻደይ፣ ላስታ ላይ አሸንድዬ፣ ራያ ቆቦ ላይ ሶለል ይጀመራል። ትግራይ ያላችሁም እንኳን ለአሸንዳ አደረሳችሁ።

ብዙ ሰው ይህን የልጃገረዶች በዓል የሚያውቀው በጭፈራው ነው። እኔን ግን ሁሌም የሚገርመኝ ከጭፈራው በፊት ያለው ነገር ነው። ልጃገረዶቹ በየሰፈራቸው ይቧደናሉ። አለቃ ይመርጣሉ፣ ገንዘብ ያዥ ይሾማሉ። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ከዚያ የማን ቤት እንደሚገባ፣ ግጥሙን ማን እንደሚያወርድ፣ ከበሮው በማን እጅ እንደሚሆን ራሳቸው ይወስናሉ። ሌላ ጊዜ ትልቅ ሰው ፊት ቀና ብላ የማታወራ ልጅ ዛሬ ያንኑ ሰው መንገድ ላይ አስቁማ በግጥም ታወድሰዋለች። እጁን ከሰበሰበም ግጥሙ ይዞርበታል! ሴት ልጅ በአደባባይ መምራትን የምትለማመድበት እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ከአያቶቻችን ወርሰናል።

ጌጡስ? ሹሩባው፣ ኩሉ፣ ድሪው፣ አልቦው አለ። ከሁሉም በላይ ግን ቅጠሉ። የክረምቱ ዝናብ ያለመለመውን ረጅም ቅጠል ነቅለው ያመጡና በገመድ ላይ አንድ በአንድ ይደረድሩታል። ወገብ ላይ ሲታሰር ጥልፍ ቀሚሱ ላይ ይዘናፈላል፤ ሲጨፍሩ ሽው ሽው ይላል። ይህ ቅጠል ከሱቅ አይገዛም። ዋግ ደግሞ ድርቅ የሚደጋግመው አገር ነው። ተራራው ከተራቆተ ልጆቹ ምን ሊታጠቁ ነው? ስለ ባህል በተወራ ቁጥር ስለ መሬቱም ይወራልን።

በዓሉ ወደ ስታዲየምና አዳራሽ መምጣቱን አልጠላም። እንግዳ ይመጣል፣ ከተማው ይነቃቃል። ንግግሩ ረዝሞ ልጆቹ ፀሐይ ላይ ሲቆሙ ግን ያናድደኛል። ማይኩን ለነሱ ስጧቸው።

በ2013 ነሐሴ ላስታም ዋግም ጦርነት ውስጥ ነበሩ። ያን ክረምት በስጋት ያሳለፉ ልጆች ዛሬ ታናናሾቻቸውን ግጥም ያስተምራሉ። ለእናንተ፣ ለእናቶቻችሁና ለአያቶቻችሁ ያለኝ ክብር ትልቅ ነው።

አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ፣ ልጆቹ በራችሁ ላይ ከመጡ ቶሎ ብር ሰጥታችሁ አትሸኟቸው። ወጣ በሉ፣ ግጥሙን እስከ መጨረሻው ስሙላቸው፣ አጨብጭቡላቸው። ብሩን ከዚያ በኋላ ለገንዘብ ያዧ ስጡ።

መልካም በዓል!